ወንዱ ዓሣ እንቁላል የያዘ ጊዜ



ከጥቂት ጊዜ በፊት ለጓደኛችን ሠርግ ሐዋሳ ወርደን ነበር። ሐዋሳ ድረስ ሄዶ አሞራ ገደል ሳይረግጡ መመለስ ነውር ነው ተባለና በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር አዘገምን። ዓሣ የሚያጸዳልን ልጅ የመጀመሪያውን ቆሮሶ ሆዱን በአንድ ምት ሲቀደው ቢጫ እንቁላል ዝርግፍ አለ። «ሴት ናት» አለን ቀና እንኳ ሳይል። ሁለተኛውን ቀደደ። «ይሄ ደግሞ ወንድ።» ከመሃላችን ነገር መቆስቆስ የሚወደው አንዱ «ወንዱም እንቁላል ይዞ ቢገኝስ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ቢላዋውን አቁሞ ትንሽ አየው። «ያኔ እኔ ይሄን ሥራ እተወዋለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቃችን ግን አዲስ አበባ ድረስ አልዘለቀም። ምክንያቱም ይሄ የቀልድ ጥያቄ የምር ሆኖ የተገኘበት አገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ወንዶቹ ዓሦች እውነትም እንቁላል ይዘው ተገኝተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ፍለጋ ነው። አበው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ «አርፈህ ተቀመጥ» ማለታቸው ነው። እኛ ግን ይሄን ታሪክ ስናነብ ተረቱን ገልብጠን ለማየት ተገደድን። ባይጎረጎርስ ኖሮ? ዘንዶው እንደሆነ ጎርጓሪ መጣም አልመጣም እዚያው ነበር።

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ንጹሕ የተባለው ወንዝ

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዞች በወንዞቻቸው መኩራራት በጀመሩበት ሰሞን ነው። ለንደንን ሰንጥቆ የሚያልፈው ቴምዝ በ1957 በአገሪቱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለሙያዎች «ሞቷል» ተብሎ ነበር። ሕይወት ያለው ነገር የማይኖርበት የቆሻሻ ቦይ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎቹ ተሻሻሉ፤ ወንዙም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። በ1974 ቴምዝ ውስጥ አንድ ሳልሞን ሲያዝ ትልቅ ዜና ሆነ። ሳልሞን የተበከለ ውሃ አይወድማ!

በዚያ ዘመን የብክለት መለኪያው ቀላል ነበር። ውሃው ይሸታል? ዓሣው ሞቶ ተንሳፏል? መልሱ «የለም» ከሆነ ወንዙ ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ትንሽ ወንዝ እንለፍ። ሊ ይባላል። ከለንደን በስተሰሜን ከሉተን ከተማ አካባቢ ተነስቶ ምሥራቅ ለንደንን አቋርጦ ቴምዝ ውስጥ ይገባል። በ2012 ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈችበት የኦሎምፒክ ስታዲየም የተሠራው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ዝናብ ሲጠፋ በሊ ውስጥ ከሚፈሰው ውሃ ብዙው ከከተሞቹ ማጣሪያ ጣቢያ ተጣርቶ የሚለቀቅ የመጸዳጃ ቤትና የማድቤት ፍሳሽ ነው። ሕጉ በሚጠይቀው ልክ የተጣራ፣ ለዓይንም ለአፍንጫም የማያስቸግር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በዚህ ወንዝ አካባቢ የተያዙ ሮች የተባሉ ዓሦች ሆዳቸው ሲከፈት ያልተለመደ ነገር ታየ። ሮች ከእኛ ቢልጫ ጋር የሩቅ ዝምድና ያለው፣ በእንግሊዝ ወንዞች እንደልብ የሚገኝ ዓሣ ነው። የወንዶቹ የዘር ፍሬ ውስጥ እንቁላል ተገኘ። ወንድም ናቸው፣ ሴትም ናቸው። «ዓሣ አይደል፣ ተፈጥሮው ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በተፈጥሯቸው ፆታ የሚቀይሩ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ሮች ግን ከእነሱ ወገን አይደለም። ሮች ወንድ ሆኖ ከተፈለፈለ ወንድ ሆኖ ነው የሚሞተው። ወይም እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ያልተጠራው ምስክር፦ የእንቁላል አስኳል

ቀጣዩ የታሪኩ ምዕራፍ ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ምዕራብ ለንደን የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጆን ሳምፕተር የተባሉ ተመራማሪ ቫይተሎጀኒን የሚባለውን ፕሮቲን በዓሣ ደም ውስጥ የሚለኩበት ዘዴ ነበራቸው። ቫይተሎጀኒን የእንቁላል አስኳል የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። የሴቷ ዓሣ ጉበት ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ትእዛዝ ሲደርሰው ያመርተዋል። የሚገርመው ነገር ወንዱም ጉበቱ ውስጥ ያው ማምረቻ አለው። ትእዛዝ ስለማይደርሰው ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ተዘግቶ ይኖራል። ስለዚህ ወንድ ዓሣ ደም ውስጥ ቫይተሎጀኒን በብዛት ከተገኘ አንድ ሰው፣ ከአንድ ቦታ፣ ትእዛዝ እየላከ ነው ማለት ነው።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሳምፕተርና በመንግሥት የዓሣ ምርምር ተቋም የሚሠሩ ባልደረቦቻቸው ቀላል ሙከራ አደረጉ። ትራውት የተባሉ ዓሦችን በሽቦ ቤት ውስጥ አድርገው በተለያዩ የእንግሊዝ ማጣሪያ ጣቢያዎች መውጫ ላይ አስቀመጧቸው። ከሳምንታት በኋላ ደማቸውን ቀዱ። ውጤቱ ያስደነግጣል። በዓሦቹ ደም ውስጥ ያለው ቫይተሎጀኒን እንደየቦታው ከ500 እጥፍ እስከ 100 ሺህ እጥፍ ጨምሯል! ነገሩ የአንድ ወንዝ ችግር አልነበረም፤ የአገር ነበር። ጽሑፉ ታትሞ ለዓለም የወጣው ግን በ1994 ነው። በሊ ወንዝ የመጀመሪያው ዓሣ ሆዱ ከተከፈተ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አልፎ ማለት ነው።

እንግዲህ ወንጀል መፈጸሙ ተረጋገጠ። የቀረው ወንጀለኛውን መያዝ ነው።

ተጠርጣሪ ቁጥር አንድ፦ ሳሙና

ለመርማሪዎቹ የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከውቅያኖስ ማዶ ነው፤ ያውም ስለ ዓሣ ከማያስቡ ሰዎች። ቦስተን በሚገኘው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን የተባሉ ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ያጠኑ ነበር። ሕዋሳቱ የሚራቡት ኢስትሮጅን ሲያገኙ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ማንም ሆርሞን ሳይሰጣቸው መራባት ጀመሩ። ላቦራቶሪው ታመሰ። ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ተፈተሸ። በመጨረሻ ጥፋተኛው የፕላስቲክ ዕቃው ሆኖ ተገኘ። የሚጠቀሙበት የላስቲክ ቱቦ አሠራር ተቀይሮ ኖሯል፤ ከፕላስቲኩ ውስጥ ኖኒልፌኖል የሚባል ኬሚካል እየሟሟ ሕዋሳቱን «ኢስትሮጅን መጣላችሁ» እያለ ያታልላቸው ነበር። ግኝታቸውን በ1991 አሳተሙ።

ይህ ኖኒልፌኖል ደግሞ ለእንግሊዝ ወንዞች እንግዳ አልነበረም። በፋብሪካ ከሚሠራባቸው የማጠቢያ ኬሚካሎች የሚወጣ ነው። በተለይ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸር ውስጥ የሱፍ ፋብሪካዎች የበጉን ጸጉር የሚያጥቡት በእነዚህ ኬሚካሎች ነበር። የእጥበቱም ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ አልፎ ኤር በተባለው ወንዝ ይለቀቃል። የሳምፕተር ተማሪ የነበሩት ሱዛን ጆብሊንግ እንዲህ ያሉ የሳሙና ቅሪቶች በዓሣ ጉበት ሕዋሳት ላይ እንደ ሴት ሆርሞን እንደሚሠሩ አሳዩ።

በዚያው በ1991 ዊንግስፕሬድ በተባለ የአሜሪካ የስብሰባ ማዕከል ቲዮ ኮልቦርን የሚባሉ ሴት ሳይንቲስት ስለ ወፍ፣ ስለ ዓሣና ስለ ሰው የሚያጠኑ ባለሙያዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰቡ። እያንዳንዱ የየራሱን ጉድ ይዞ መጣ። ሲነጋገሩ ታሪኩ አንድ ሆነባቸው። ሳይገድሉ የሆርሞንን ቋንቋ የሚያዛቡ ኬሚካሎች አሉ። ለጉዳዩ ስም የወጣለትም ያኔ ነው።

እኛ የ«ክፉ ፋብሪካ» ታሪክ ይመቸናል። አንድ ጥፋተኛ፣ አንድ ቅጣት፣ ፋይሉ ይዘጋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 እነዚህን የማጠቢያ ኬሚካሎች የሚገድብ ሕግ አወጣ። በኤር ወንዝ ፋብሪካዎቹ ላይ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የዓሦቹ ቫይተሎጀኒን ቀነሰ። ድል ነው! ግን አንድ ነገር አልገጠመም። ሊ ወንዝ ላይ የሱፍ ፋብሪካ የለም። ከአብዛኞቹ የእንግሊዝ ማጣሪያዎች በላይ የሚገኘው የሱፍ ፋብሪካ ሳይሆን የመኖሪያ ቤት ነው።

ተጠርጣሪ ቁጥር ሁለት፦ ክኒኗ

በ1998 ሁለት ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። አንደኛው የጆብሊንግና የባልደረቦቿ ነው። በስምንት የእንግሊዝ ወንዞች የሮች ዓሦች ተመረመሩ። በሁሉም ወንዝ የተቀላቀለ ፆታ ያላቸው ወንዶች ተገኙ። ኔን እና ኤር በተባሉት በሁለቱ ወንዞች ከማጣሪያዎች በታች ከተያዙት ወንዶች መካከል አንድ እንኳ ንጹሕ ወንድ አልተገኘም።

ሁለተኛው ጥናት ፍሳሹን ራሱን በረቂቅ መሣሪያ እየከፋፈለ «ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እንደ ኢስትሮጅን የሚሠራው የቱ ነው?» ብሎ የጠየቀ ነው። ሁሉም የጠበቀው የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። የተገኙት ሦስት ነገሮች ግን ሌላ ነበሩ። ሁለቱ የሰው ልጅ ገላ ራሱ የሚያመርታቸው ተፈጥሯዊ ኢስትሮጅኖች ናቸው። ሦስተኛው በወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ነው።

ይህ ቅመም በ1938 በርሊን ውስጥ የተፈጠረ ነው። ጥቅሙ ጉበት በቀላሉ የማያፈርሰው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በአፍ ቢወሰድም ይሠራል። ክኒኗ እንግሊዝ የገባችው በ1961 ነው። በ1974 ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ በመንግሥት ጤና አገልግሎት ለሁሉም፣ ላገባችም ላላገባችም በነጻ ሆነ። ለሚሊዮኖች ሴቶች ይህ ምን ማለት እንደነበር መናገር አያስፈልገንም። ትምህርት፣ ሥራ፣ የራስን ዕድሜ ራስ ማቀድ። ማንም ያላሰበው፣ ገላ በቀላሉ ያላፈረሰው ነገር ወንዝም በቀላሉ እንደማያፈርሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር እንንገራችሁ። ጉበታችን ሆርሞንን ከማስወጣቱ በፊት ሌላ ነገር ለጥፎበት ያስረዋል። የታሰረ ሆርሞን አይሠራም። ስለዚህ በሽንት የሚወጣው እስረኛ ነው። ፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግን ከአንጀታችን የወጡት ባክቴሪያዎች ማሰሪያውን ይበሉታል። እስረኛው ተፈትቶ ወንዝ ይገባል።

ይህን ጊዜ ወሬው በየአቅጣጫው «የሴቶች ክኒን ዓሦቹን ሴት አደረገ» ሆነ። ለሐሜት የሚመች ነውና። እውነቱ ግን ሰፋ ይላል። ተፈጥሯዊ ኢስትሮጅን ሴቷ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ወንዱም ጭምር የሚያስወጣው ነው። ከብቶችም ያስወጣሉ። ክኒኗ ኃይለኛ ብትሆንም ብቻዋን አይደለችም። ዘንዶው ከጉድጓዱ ሲወጣ የአንድ ክፉ ሰው ፊት አልነበረውም። የሁሉም ሰው ሽንት ቤት ነበር።

ሐይቅ ቁጥር 260

«እሺ፣ ዓሣው እንቁላል ያዘ። ታዲያ ምን ይሁን?» ይህንን የጠየቁ ካናዳውያን ነበሩ። ኦንታርዮ ውስጥ ለምርምር ብቻ የተተዉ ሐይቆች አሉ። ስም እንኳ የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። ካረን ኪድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከ2001 እስከ 2003 ባሉት ሦስት በጋዎች ሐይቅ ቁጥር 260 ውስጥ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ጨመሩ። መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነው። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዓይነ ሕሊና ለማየት አንድ የ5,000 እና አንድ የ1,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ውሃ አስቡ። 30 ማይክሮግራም ያላት አንዲት ክኒን በሁለቱ ውስጥ ብትሟሟ የሚገኘው ልክ ይሄው ነው።

በሐይቁ ውስጥ ፋትሄድ ሚኖው የሚባል ትንሽ ዓሣ ነበር። ወንዶቹ ቫይተሎጀኒን አመረቱ፤ የዘር ፍሬያቸው ዕድገት ተዛባ። ከዚያ ትንንሾቹ ዓሦች ጠፉ። አልሞቱም እኮ፤ አልተወለዱም። የዚህ ዓሣ ዕድሜ አጭር ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ከሐይቁ ሊጠፋ ደረሰ። እሱን የሚበላው ትልቁ ዓሣም ሲሳዩ ቀረበትና ቁጥሩ ተመናመነ። ሽታ የለ፣ የተንሳፈፈ ሬሳ የለ፤ ሐይቁ እንዳማረበት ነበር።

ጥሩ ዜናም አለ። ሆርሞኑ ከቆመ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓሦቹ አገገሙ።

የእንግሊዙ ሮችም አልጠፋም። ፆታው ክፉኛ የተቀላቀለ ወንድ ከጤነኞቹ ጋር ተፎካክሮ ልጅ የማፍራት ዕድሉ እስከ 76 በመቶ እንደሚቀንስ በ2011 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በተበከሉ ወንዞች ያሉት ሮቾች ራሳቸውን ተክተው እንደቀጠሉ አረጋግጧል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ መጮህ ግን ፍለጋውን ማበላሸት ነው።

ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ጥፋተኛው ሁሉም ሰው ሲሆን ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው? በ2012 የአውሮፓ ኮሚሽን በወንዝ ውስጥ ለሚገኝ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ገደብ ሐሳብ አቀረበ፤ በሊትር 0.035 ናኖግራም። ለእንግሊዝና ዌልስ ማጣሪያዎችን በዚህ ልክ ለማሻሻል ከ26 እስከ 30 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ ተገመተ። ቁጥሩ ሲሰማ ሁሉም ዝም አለ። በ2013 ቅመሙ ገደብ ከሚጣልባቸው ሳይሆን «በክትትል ላይ» ከሚቆዩት ዝርዝር ገባ። ከእንግሊዝ መውጣት በኋላ፣ በ2024፣ የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የከተማ ፍሳሽ ሕግ አጸደቀ። በትልልቅ ማጣሪያዎች ላይ እንዲህ ያሉ ረቂቅ በካዮችን የሚያስወግድ ተጨማሪ የማጣሪያ ደረጃ ይሠራል፤ ከወጪው ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች ይሸፍናሉ ይላል። አምራቾቹም «ለምን እኛ ብቻ?» ብለው ሙግት ገጥመዋል። ከሊ ወንዝ ዓሣ እስከዚህ ሕግ ድረስ አርባ አምስት ዓመት ገደማ ነው።

ወደ አሞራ ገደሉ ልጅ እንመለስ

«ይሄ ሁሉ ስለ እንግሊዝ ዓሣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። አንድ መንገድ እንከተል። ከአዲስ አበባ ቤቶችና ፋብሪካዎች የሚወጣው ውሃ አቃቂ ወንዝ ይገባል። አቃቂ በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃ ይገባል። ቆቃ ዓሣ ይሰጣል፤ ዓሣው ተመልሶ አዲስ አበባ መጥቶ ጉላሽ ይሆናል። ክቡ ሞላ። እኛ «ጣልነው» የምንለው ነገር ጉዞ ላይ ነው እንጂ አልተጣለም።

ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት የተረጨው ዲዲቲም እንዲሁ ነው። ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቆች የተወሰዱ ዓሦችን የመረመሩ ጥናቶች ዲዲቲንና ቅሪቱን ዲዲኢን አግኝተዋል። ይህ ዲዲኢ የወንድ ሆርሞን የሚያርፍበትን ቦታ እንደሚዘጋ ደግሞ በ1995 በአይጦች ላይ ታይቷል። መገኘት ሌላ፣ መጉዳት ሌላ ነው። ይሄን ያነበበ ሁሉ ዓሣ መብላት ያቁም አንልም፤ እኛም አላቆምንም።

የምንለው ሌላ ነው። የእንግሊዝ ወንዞች «ንጹሕ» የተባሉት የሚጠየቀው ጥያቄ «ይሸታል ወይ?» ብቻ ስለነበር ነው። መልሱ የተለወጠው የሆነ ሰው ሆድ ከፍቶ የማይረባ የሚመስል ጥያቄ ስለጠየቀ ነው። እኛም አገር ሆድ የሚከፍቱ እጆች በየሐይቁ ዳር በየቀኑ ይሠራሉ። ያ የአሞራ ገደል ልጅ በአንድ ጠዋት የሚያየውን የዓሣ ሆድ አንድ ተመራማሪ በዓመት ላያይ ይችላል። ወንድና ሴቱን በአንድ ጨረፍታ ይለያል። ከእሱ አጠገብ ተቀምጦ «ዛሬ ያልተለመደ ነገር አየህ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ የሚመዘግብ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ቀጣይ ሐዋሳ ስንወርድ ያንን ልጅ ፈልገን ይሄን ታሪክ እንነግረዋለን። ሥራውን ግን እንዳይተው እንለምነዋለን። ወንዱ እንቁላል ይዞ የተገኘ ዕለት፣ ሥራው ያኔ ነው የሚጀምረው።

ቸር እንሰንብት!